ላፕቶፕ በአትሮኖስ ላይ

ላፕቶፑን ከካርቶኑ ያወጣሁት እጄን ታጥቤ ነው። ሞጣ፣ በምሠራበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ከምሳ በኋላ ነበር፤ ተማሪዎቹ ገና አልገቡም። ከባሕር ዳር ገዝታ ያመጣችልኝ የኮምፒውተር መምህርቷ ናት፤ ሆሳዕና ከተማ ተወልዳ እኛ ዘንድ የተመደበች፣ ከእኔ በአሥራ አምስት ዓመት የምታንስ ሳቂታ ሴት። እጄን በፎጣ ሳደርቅ አየችኝና፣

«እትዬ፣ ልትቆርቢ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ጣቴን ጠመኔ ነክቶታል» አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ ዋናው ምክንያት ግን እሱ አይደለም። ያደግሁት አዲስ መጽሐፍ ባልታጠበ እጅ በማይነካበት ቤት ነው። አባቴ ብቸና የሚኖሩ ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትን በመቃ ብዕር ሲገለብጡ ዕድሜያቸውን የፈጁ። ወንድሞቼ ፊደል ሲቆጥሩ እኔ ብራናውን በወስፌ አሰምር ነበር። መስመር ማስመር እንጂ መስመሩ ላይ ምን እንደሚቀመጥ ማወቅ የእኔ ሥራ ነው ያለ ሰው አልነበረም። ትምህርት ቤት የገባሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ እያስቸገረኝ ነው። በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፣ እስከ ዛሬ ድረስ አዲስ ነገር ሲያስተምሩኝ ደብተር እይዛለሁ።

የዚያን ቀንም ያዝኩ። መምህርቷ የምትለውን ሁሉ በቁጥር በቁጥር ጻፍኩ። በስክሪኑ ይዘሽ አታንሺው። ሻይ አጠገቡ አታድርጊ። በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጊው። ገልብጣ ከሥሩ ያሉትን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ስታሳየኝ፣ «በእነዚህ ነው የሚተነፍሰው፤ ፍራሽ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ እንዳታስቀምጪው፣ ይታፈናል» አለች። «በሥሩ ይተነፍሳል» ብዬ ጻፍኩና ከታች አሰመርኩበት። ደብተሩ አሁንም አለ። መስመሩም ቀጥ ያለ ነው።

ከዚያ ባዶ ገጽ ከፈተችልኝ። ከነጩ ገጽ ራስጌ አንዲት ቀጭን ሰረዝ ቆማ ትርገበገባለች።

«ይቺ ምን ትጠብቃለች?»

«አንቺን።»

አንድ ቁልፍ ስነካ «ል» ተጻፈች። ሌላ ስጨምር ያቺው «ል» ዓይኔ እያየ «ላ» ሆነች። ደነገጥኩ። ፊደል ተጽፎ ያለቀ ነገር ነው ብዬ ነበር እስከዚያ ቀን የማስበው፤ ለካ ሳድስ ሆኖ ተወልዶ፣ ድምፁን ከሰጡት በኋላ እግርና እጅ ያወጣል። እሳቱን ሰ ሁለቴ ብመታው ንጉሡ ሠ ሆኖ ተነሣ። ደግሜ መታሁት፤ ደግሞ ተነሣ። ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳደረግሁ አላውቅም። መምህርቷ መጀመሪያ ሳቀች፣ በኋላ ወንበር ስባ ታየኝ ጀመር።

አንድ ነገር ብቻ አላማረኝም።

«ክዳኑን ስዘጋው ምን ይሆናል?»

«ይተኛል።»

«የጻፍኩትስ?»

«አብሮ ይተኛል።»

«ባይነሣስ?»

«ኧረ እትዬ! ደግሞ ለኮምፒውተር እንቅልፍ ማን ይጨነቃል?» አለች። ፊቴን ስታይ ግን ተሸነፈች። «በይ እሺ፣ ስትዘጊው እንዳይተኛ አድርጌ ልስጥሽ። ስትጨርሺ ግን ራስሽ ማጥፋት አለብሽ። ይሄን ፍላሽ ደግሞ ያዢ፤ የጻፍሽውን ሁሉ እዚህም ቅጂው።»

ይህንንም ጻፍኩት።

ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በደብረ ወርቅ በኩል ብቸና ገባሁ። አባቴ በራፉ ላይ ተቀምጠዋል። ከአጠገባቸው አትሮኖሱ፣ ያ መጽሐፍ የሚዘረጋበት ታጣፊ እንጨት፣ ታጥፎ ግድግዳ ተደግፏል። ታጥፎ ካየሁት ሦስተኛ ዓመቴ ነበር።

የታጠፈበትን ምክንያት መናገር አለብኝ። በሕፃንነቴ ኩፍኝ ይዞኝ ልሞት ስል እናቴ ለእመቤታችን ተስላለች፤ ልጄ ከተረፈች ባሌ በእጁ የምስጋና መጽሐፍ ጽፎ ለደብሩ ያስገባል ብላ። እኔ ተረፍኩ። አባቴ ግን የሰው ሥራ እያስቀደሙ፣ ለዛሬ ዓመት ለከርሞ እያሉ ኖሩ፤ እናቴም ስእለቷ ሳይገባ ዐረፈች። እሷን ከቀበሩ በኋላ ነው ብራናውን ያነሡት። እኩሌታውን እንደጻፉ ዓይናቸው ደከመ። ራሳቸው የሚጽፉት ፊደል ትልቅ ስለሆነ በፀሐይ ያዩታል፤ የማያዩት የሚገለብጡበትን መጽሐፍ ነው፤ ጽሕፈቱ ደቃቃ፣ ቀለሙም የወየበ ነበር። ባለቤቱ፣ የደብረ ወርቅ ቄስ የሆኑ የተማሪነት ጓደኛቸው፣ መጽሐፉን መልሰው ወሰዱት።

እኔ ላንብብልዎትና ይጻፉ ብያቸው አውቃለሁ። «ሰምቼ?» አሉኝ። «ሐመሩን ሐ ከብዙኃኑ ኀ በጆሮዬ ልለየው? ቁም ጸሐፊ አይቶ ነው የሚጽፍ።» ከዚያ ወዲህ ስለ መጽሐፉ አናነሣም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሳት ዳር ተቀምጠን፣ «እናትሽ ጋ ባዶ እጄን ልሄድ ነው» ብለዋል።

ላፕቶፑን ስከፍተው ከነጠላው የወጣው ብርሃን ፊታቸው ላይ አረፈ።

«ይሄ ብርሃን ከየት ነው የሚመጣ?»

«ከገጹ ከራሱ ነው፣ አባባ።»

«ከውስጡ?»

«ከውስጡ።»

 እኔ የማውቀውን አንድ የግእዝ ዐረፍተ ነገር ጽፌ ፊደሉን ማሳደግ ጀመርኩ። ምስር ያህል የነበረው አተር አከለ፣ ባቄላ አከለ፣ አውራ ጣት አከለ። አባቴ ወደ ኋላ ሸሸት አሉና፣ «በቃ! በቃ! ሊወድቅብኝ ነው!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ዐረፍተ ነገሩን ከዳር እስከ ዳር፣ አንድ ፊደል ሳይስቱ፣ አነበቡት። በቃላቸው ሳይሆን በዓይናቸው ማንበባቸውን ያወቅሁት መጨረሻ ላይ «አራት ነጥቡን ረስተሻል» ሲሉኝ ነው።

በዚያው ሳምንት የደብረ ወርቁን ቄስ በሰው አስጠራናቸው። መጽሐፉን በብብታቸው ሸጉጠው መጡ። ነገሩን አስረዳናቸው፤ የቀረውን ሃያ ሦስት ቅጠል እኔ ወደ ላፕቶፑ እገለብጠዋለሁ፣ አባቴ ደግሞ ከላፕቶፑ ወደ ብራናው።

«ፎቶ አይነሣም» አሉ ቄሱ። «ፎቶ ሲነሣ ነው ሌባ የሚያውቀው። በእጅ ይገልበጥ።»

«በእጇ ነው እኮ የምትገለብጠው» አሉ አባቴ። «እኔ በሦስት ጣት ነው የምጽፍ። እሷ በአሥሩም ነው።»

«በአሥሩም?»

«አሳዪያቸው።»

ጥቂት መታሁ። ቄሱ ጣቶቼንና ስክሪኑን እያፈራረቁ አዩ። በመጨረሻ፣ «እንግዲህ አንድ ግልባጭ ነው፤ ፍልሰታ ሲገባ መጽሐፌ ቤቱ ይግባ» ብለው መጽሐፉን ለአባቴ ሳይሆን ለእኔ ሰጡኝ። ከብራና ጋር ከኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ፣ መጽሐፍ በቀጥታ እጄ ላይ ሲቀመጥ ያኔ የመጀመሪያው ነበር።

አሥራ ሰባት ቀን ጻፍኩ። ክረምት ስለሆነ መብራት ይመጣል ይሄዳል፤ ሲመጣ እሞላለሁ፣ ሲሄድ ባትሪው እስኪያልቅ እሠራለሁ። እጄን እየታጠብኩ፣ መጽሐፉን በስተግራ፣ ላፕቶፑን በስተቀኝ አድርጌ፣ እያንዳንዱን መስመር ሁለቴ አነባለሁ። አባቴም ሥራ አልፈቱም። አንድ ቀን ላፕቶፑን በስንዝራቸው ለክተውት ሄዱ። ከዚያ በየቀኑ ሲሰፉ አያቸዋለሁ። መጽሐፉ የሚመለስበት ዕለት፣ ከፍየል ቆዳ የተሠራ፣ ክዳን ያለው፣ በትከሻ የሚንጠለጠል ማኅደር አስረከቡኝ፤ እንደ ዳዊት ማኅደር፣ ሰፊ ብቻ ነው። ላፕቶፑ ገባበት፤ ግራ ቀኝ የጣት ክፍተት የለም።

«በነጠላ ስትጠቀልዪው ሆዴን ትበዪኝ ነበር» አሉኝ። «እንደዚህ ያለ ነገር እርቃኑን ይተዋል?»

ፍልሰታ የገባ ዕለት ወደ ቅዳሴ ስሄድ ክዳኑን ዘጋሁ፤ እንዳይተኛ የተደረገ መሆኑን ረሳሁ። ማኅደሩ ውስጥ ከተትኩት፤ እንደ መጽሐፍ ሁሉ ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ሰቀልኩት። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ቆዳው ከሩቅ ይሸታል። ሳወጣው እጄን ፈጀኝ። ከፈትኩት፤ ጨለማ ነው። ቁልፉን ተጫንኩ፤ ምንም የለም። መብራትም ከዋዜማው ጀምሮ ጠፍቷል።

አባቴ መዳፋቸውን ጀርባው ላይ፣ ልክ እንደ ሕመምተኛ ግንባር፣ ቀስ አድርገው አሳረፉ።

«ትኩሳት አለበት» አሉ። ቀጥለው፣ ድምፃቸው ተለውጦ፣ «ማኅደሩ ነው? እኔ ነኝ የገደልኩት?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ። ሳላጠፋው ከተትኩት።»

ሞጣ ደወልኩ። ከብዙ ሙከራ በኋላ መምህርቷ አነሣች።

«በቆዳ ከረጢት? ሳታጠፊ? በሥሩ ይተነፍሳል ብለሽ ጽፈሽ አልነበር?»

«ጽፌያለሁ።»

«ይሁን፤ አትደንግጪ። እስኪቀዘቅዝ አትሰኪው። ምናልባት ሲግል ራሱን አጥፍቶ ይሆናል፣ ምናልባትም ባትሪው አልቆ። መብራት ሲመጣ ሞክሪው። ባይነሣም ፍላሹ ላይ አለልሽ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

«እትዬ? ፍላሹ ላይ አለ አይደል?»

«አንድ ግልባጭ ነው የተፈቀደልኝ።»

 «እትዬ» አለች ቀስ ብላ፣ ልጅን እንደሚያባብል ሰው፣ «እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።» ሙገሳ አልነበረም።

እውነት ለመናገር ፍላሹን ሦስት ጊዜ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሦስት ጊዜ መልሼዋለሁ። ቄሱ አንድ ብለዋል፤ ሁለት ብቀዳ ቃል ማጉደል መሰለኝ። አሁን መጽሐፉ ደብረ ወርቅ ተመልሷል። ቄሱ ዳግመኛ እንዲያውሱን እንዴት ይጠየቃሉ? መንገዱስ ነገ ክፍት ይሁን ዝግ ማን ያውቃል? የአባቴም ዓይን በየሳምንቱ ነው የሚደክመው። የእናቴ ስእለት፣ ሃያ ሦስት ቅጠል ሆኖ፣ በዚያ ጥቁር መስታወት ውስጥ ነበር።

ሁለት ቀን መብራት አልመጣም። አባቴ ማኅደሩን ቁጭ ብለው ተረተሩት። ያን ሁሉ ስፌት አንድ በአንድ በጥሰው፣ ቆዳውን ዘርግተው፣ «ቀዳዳዎቹ የት ነበሩ?» ብለው ጠየቁኝ። በጣቴ አሳየኋቸው። በዚያው ልክ ቆዳውን በወስፌ መብሳት ጀመሩ፤ ይነሣ አይነሣ ሳይታወቅ። ቆዳውን ዳርና ዳር ወጥሬ ያዝኩላቸው።

በሦስተኛው ቀን ከስድስት ሰዓት በኋላ ጎረቤት «መጣ!» ብሎ ጮኸ። ሰካሁት። ጎኑ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት በራች፤ ብርቱካንማ፣ የጥራጥሬ ቅንጣት የምታህል። ባትሪው ትንሽ እንዲይዝ ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ። አባቴ ቆመዋል፤ ቁጭ ይበሉ ብላቸውም አልሰሙኝም። ቁልፉን ተጫንኩ። ጥቁር። አሁንም ጥቁር። ከዚያ ከጥቁሩ ውስጥ ሌላ ጥቁር፣ ሕይወት ያለው ጥቁር፣ ወጣ፤ ልዩነቱን ያየ ሰው ያውቀዋል። ብርሃኑ ቀስ ብሎ መጣ። ጽሑፉን ከፈትኩ። ገጹ ሞላ። ወደ ታች ወረድኩ፤ አለ። ወረድኩ፤ አለ። የመጨረሻው ቅጠል፣ የመጨረሻው ቃል፣ አራቱ ነጥብ። ቀጭኗ ሰረዝም እዚያው ጎን ቆማ ትርገበገባለች፤ ያ ሁሉ ትኩሳትና ጨለማ እንዳልነካት።

«አለ?» አሉ አባቴ።

«አለ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ጠፍቶ ሳለ የት ነበር?»

መልሱን አላውቀውም። መምህርቷን በኋላ ብጠይቃት አንድ ነገር አስረዳችኝ፤ ገብቶኛልም። ግን የአባቴን ጥያቄ የመለሰ አልመሰለኝም። ብራና ላይ ያለ ቃል መጽሐፉ ሲዘጋም እዚያው እንዳለ አውቃለሁ፤ በጨለማ ብዳስሰው የቀለሙን እብጠት አገኘዋለሁ። ይህ ግን በየትም በኩል ቢዳሰስ የለም፤ ሲጠሩት ግን ይመጣል። እስከ ዛሬ ባበራሁት ቁጥር ያ ጥያቄ አብሮ ይበራል።

አባቴ የዚያኑ ዕለት ቄሱ ጋ አስደወሉኝና ስልኩን ተቀበሉኝ። ሁለተኛ ግልባጭ ይፈቀድልን እንደሆነ ጠየቁ። የቄሱ ድምፅ እስከ እኔ ይሰማ ነበር።

«ማን ከለከለ?»

«አንድ ግልባጭ ብለህ አልነበር?»

«አንድ ግልባጭ ማለቴ መጽሐፉን ለሌላ አታውሱት ማለቴ ነዋ! ልጅህ እንዲህ ትቆጥራለች?»

አባቴ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። «ትቆጥራለች» አሉ። «ብራናውን ያሰመረች እሷ ነበረች።» ስልኩ ሲዘጋ ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ ትንሽም አልቅሻለሁ። ወዲያው ፍላሹ ላይ ቀዳሁት።

በማግስቱ አትሮኖሱን ከግድግዳው አነሡ። ዘረጉት፣ አቧራውን በእጅጌያቸው አበሱ። ላፕቶፑን አስቀመጥኩበት፤ አየር እንዲያገኝ ከሥሩ ሁለት ቀጫጭን እንጨት አደረግሁ። እሳቸው ዱካቸው ላይ ተቀምጠው፣ ብራናው ጉልበታቸው ላይ፣ ቀለሙ በቀኛቸው። ቀለሙን ከላፕቶፑ አንድ ክንድ ያህል አራቅሁት፤ ይህን ማንም አልነገረኝም፣ ከሻዩ የተማርኩት ነው። ፊደሉን አውራ ጣት እስኪያክል አሳደግሁላቸው። አንገታቸውን ቀና አድርገው ያዩታል፣ ዝቅ ብለው ይጽፋሉ፤ ቀና፣ ዝቅ። መስመሩ ሲያልቅ «ቀጥዪ» ይሉኛል፤ አንድ ቁልፍ እነካለሁ፣ ቀጣዩ መስመር ይወጣል። ነሐሴ እንዲህ አለፈ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ «ቀጥዪ» ማለታቸውን በጆሮዬ ሳይሆን በብዕሩ መነሣት አውቅ ነበር። ባትሪው ሲያልቅ እናርፋለን። ጎረቤት በበራፉ ሲያልፍ ቆም ብሎ ያያል፤ አንዲት ሴትዮ አንድ ቀን፣ «አባ፣ ቴሌቪዥን እያዩ ነው የሚጽፉት?» አለቻቸው። «ልጄ የጻፈችውን እያየሁ ነው» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ጳጉሜን በገባ በሁለተኛው ቀን የመጨረሻው ቅጠል ላይ ደረስን። ምስጋናው አለቀ። ከሥሩ ያለው፣ መጽሐፉን ማን እንዳስጻፈው የሚናገረው ክፍል ነው። እኔ እንደ ልማዴ እንዳለ ነበር የገለበጥኩት፤ የዋናውን መጽሐፍ አስጻፊ፣ ከብዙ ዘመን በፊት የሞተ የማላውቀውን ሰው፣ ከነስሙ። አባቴ እስከ ስሙ ድረስ ጻፉ፤ ብዕሩ ስሙ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄን እንግዲህ አንፈልገውም» አሉ። «አዙሪው።»

ስክሪኑን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ብርሃኑ ከፊታቸው ላይ ሄደ፤ የቀረው የበራፉ ብርሃን ብቻ ነበር። ብዕር ለወጡ፤ ቀዩን ቀለም ነክተው አራገፉ። ከዚያ ከየትም ሳይገለብጡ፣ ፈጽመው ቀና ሳይሉ፣ የእናቴን የክርስትና ስም ጻፉ። ያን ያህል ቀስ ብለው ሲጽፉ አይቼ አላውቅም። ቤት ውስጥ በዚያ ስም ተጠርታ አታውቅም፤ እኔ የሰማሁት በፍትሐቷ ቀን ብቻ ነው።

ብዕሩን አስቀመጡ።

«አየሽው? ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ አባባ።»

«አንብቢልኝ።»

አነበብኩ።

«ድገሚው» አሉኝ።